ዓይን ድንገት ሲጋረድ፤ የከሓሎች ትምህርትና የራያ ቆላ

በቆቦና በራያ ቆላ ከማሽላ ማሳው የተመለሰ ገበሬ ዓይኑ ድንገት ቢጋረድበት፣ «ምች መታው» ወይም «ጂን ነካው» መባሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ ሸኹ ዘንድ ወይም ወዳጃ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የኢማሞችና የመምህራንም ነውና ታሪኩን መለስ ብለን እንመልከት።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ክርስቲያኑ ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ስለ ዓይን በዐረብኛ ዐሥር ድርሳናትን ጻፈ። ኋላም ዓሊ ኢብን ዒሳ «ተዝኪረቱል ከሓሊን» የተሰኘውን የዓይን ሐኪሞች መማሪያ አዘጋጀ። «ከሓል» የሚለው መጠሪያ እኛ «ኩል» ከምንለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ከሓሎች ሞራ ለመግፈፍ መርፌ ከማንሳታቸው በፊት አንዱን ዓይን ሸፍነው የሌላውን ብሌን ያስተውሉ ነበር። ብሌኑ ከሰፋ ሕክምናውን ይጀምራሉ፤ ካልሰፋ ግን የማያ ጅማቱ ተዘግቷልና መርፌ አይረዳም ይላሉ። ሞራን ወደ ዓይን የወረደ ውኃ አድርገው መቁጠራቸው ስሕተት ነበር፤ የሚደፈርሰው የዓይን ሌንስ ራሱ ነው። መርሓቸው ግን ዛሬም ጸንቷል፤ ግርዶሹ አንድ ቢመስልም መንሥኤው ይለያያልና አስቀድሞ መንሥኤው ይመርመር።

ሞራ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይመጣል። የብርሃን ብልጭታና ጥቋቁር ነጠብጣቦች በድንገት ታይተው እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከተከተለ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ዓይን ቀልቶ ከጠዘጠዘ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለማም ክብ ከታየና ካስመለሰ የዓይን ውስጥ ግፊት ድንገት ጨምሮ ይሆናል። ሕመም ሳይኖር ማየት ቢጠፋ የደም ሥር መዘጋት ያሠጋል፤ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ደግሞ ስትሮክ ይጠረጠራል። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የበለጠ ይጠንቀቁ። ደቂቃዎች ቆይቶ የሚያልፍና ራስ ምታት የሚከተለው የብርሃን ጭረት ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከሰት ግን እርሱም ይመርመር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘዋል፤ ዱዓና ሕክምና አይጋጩም። ስለዚህ ሕመምተኛው ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይላክ፤ ዱዓው በመንገድም ይደረጋል። በመዲና ከሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) ጋር አዛን ያሰማ የነበረው ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ነው፤ ዓይነ ስውርነቱ ክብሩን አልቀነሰበትም። ሊድን የሚችል ዓይን ግን አማና ነው፤ በእኛ መዘግየት ሊጠፋ አይገባም።