ከብቱ ወጣ፣ ወፍጮው ወጣ፣ እሳቱ ወጣ፤ ቦታው ለማን ደረሰ?

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ቤት የሚሠራን ሰው ስፋቱን በካሬ ሜትር የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ጥያቄው «የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?» የሚል ነው። ባለሠላሳ፣ ባለአርባ፣ ባለሃምሳ ይባላል። ክዳኑ አስቀድሞ ይቆጠራል፤ ከክዳኑ ሥር ምን የት እንደሚቀመጥ ግን የሚታሰበው ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ነው። ከማኅበራችን ቁጠባ ለቤት ማደሻ የሚበደሩ አባላት በዝተዋል። አዲስ ቤት ገብተው ሥራቸው ያልቀለለላቸው እህቶች ነገርም በስብሰባችን ደጋግሞ ተነሥቷል። ፎቅ የምንሠራ ጥቂቶች ነን፤ የብዙዎቻችን ቤት ምድር ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ምድር ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ እንዴት እንደተከፋፈለ በዚህ ዕትም ልናነሣው ወደድን።

የአያቶቻችን ቤት ክብ ነበር። መሐሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ዙሪያው እንጨት ወይም የተፈለጠ ቀርከሃ በማገር ታስሮ በጭቃና በጭድ ይመረጋል፤ ክዳኑ ሣር ነው። በሩ አንድ ነው፣ መስኮትም የለውም። በዚያች አንዲት ክብ ውስጥ ሰው፣ ከብት፣ ዶሮ፣ እህል፣ ወፍጮና እሳት አብረው ያድሩ ነበር። ከበሩ በአንዱ ጎን ጋጡ አለ፤ ፈረስ ያለው ፈረሱን፣ የሌለው ላሙንና ጥጃውን ያስርበታል። ከጋጡ በላይ ቆጥ አለ፤ ልጆች ይተኙበታል፣ ዕቃም ይሰቀልበታል። ምድጃው ከምሰሶው ፈቀቅ ብሎ ነው፤ መደቡ የግድግዳውን ዙሪያ ይዞ ይሄዳል። ከኋላ በጎታ ወይም በቀርከሃ ግርዶሽ የተከለለው ጓዳ ነው። እንስራው፣ ቡሃቃውና ወፍጮው የሚቀመጡት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር።

ይህን አቀማመጥ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መናገር ልማድ ሆኗል። እኛ እንዲያ አናየውም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። የከብቱ ትንፋሽ ቆጡን ያሞቃል። ጅብና ሌባ ባለበት አገር ላምን ውጭ ማሳደር ላምን መስጠት ነው። ጭሱም ቢሆን ሥራ ነበረው፤ በሣሩ ክዳን ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል፣ ከእሳቱ በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎም ከነቀዝ ያድናል። ቤቱ በራሱ ስሌት የተሟላ ነበር። ጉድለቱ የስሌቱ ዕዳ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው። ጭሱን በዓይኗና በደረቷ የምትቀበለው፣ ጎንበስ ብላ የምትጋግረው፣ ልጁ እሳት ውስጥ እንዳይወድቅ በአንድ ዓይኗ የምትጠብቀው፣ ጠዋት ጋጡን የምትጠርገው ሴቲቱ ናት።

መኳንንቱ በዚህ አልተቸገሩም። በአዲስ አበባ የምኒልክ ግቢ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ለየብቻቸው ነበሩ፤ እልፍኙም ከአዳራሹ የተለየ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ቤትም የራሱ ሠራተኞች ነበሩት። የገበሬው ሚስት እነዚያን ሁሉ ሥራዎች የምትሠራው በአንዲት ክብ ውስጥ ብቻዋን ነው። የቤት አከፋፈል የሀብት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጉልበት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አናውቅም።

ከክቡ ቤት መጀመሪያ የወጣው ወፍጮው ይመስለናል። የናፍጣ ወፍጮ ወደየገበያው ሲደርስ፣ ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ በመጅ መፍጨት ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቶቻችን ስለ ለውጥ ሲያወሩ ከመብራትና ከመንገድ አስቀድመው የሚጠሩት ወፍጮን ነው። የድንጋዩ ወፍጮ ከነጭቃ መቀመጫው ከጓዳው ጥሩውን ቦታ ይዞ ነበር። እሱ ሲነሣ ቦታው በጆንያ ተሞላ።

ቀጥሎ የመጣው ቆርቆሮ ነው። እንግሊዛዊው ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ ቆንስል በነበረበት ጊዜ በዚህ አገር የሚኬደው በበቅሎ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢደርስም፣ ቆርቆሮ በአዊ የገበሬ ቤት ላይ እስኪታይ መኪናና መንገድ መጠበቅ ነበረበት። ሲመጣ ግን የቤቱን ቅርጽ ለወጠ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነው፤ በክብ ቤት ላይ ለመክደን መቆራረጥና ማባከን ይጠይቃል። ስለዚህ ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ። ምሰሶው ከመሐል ጠፋ፤ በክብ ቤት ያልነበረ ጥግ ተፈጠረ፤ ግድግዳ አቋርጦ ክፍል መለየትም ቀላል ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ ተክለው ከሰል የሸጡ ብዙ ቤተሰቦች ሣሩን አንሥተው ቆርቆሮ አልብሰዋል። የሌላ አገር ማድ ቤት የሚያነደው ከሰል የእኛን ክዳን ከፈለ ማለት ነው።

ቆርቆሮ ግን ጭስ አያሳልፍም። በሣር ክዳን ውስጥ ሾልኮ ይወጣ የነበረው ጭስ አሁን ከቤቱ ውስጥ ይዞራል፤ ጥላሸቱ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ ሌሊት በብርድ የረጋው እንፋሎት ጠዋት ይንጠባጠባል። እሳቱ ከቤት መውጣት ነበረበት፤ ወጣም። ከኋላ በኩል ትንሽ ማድ ቤት ተቀለሰለት፤ አንዳንዶቻችን ኩሽና እንለዋለን። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሳሎንም ከአውሮፓ የመጣ ቃል ነው። ጓዳና ማጀት የራሳችን ናቸው። የቤቱ ፊትና የእሳቱ ቦታ በባዕድ ቃል ተጠሩ፤ ሴቲቱ የምትውልበት ጓዳ ግን የድሮ ስሙን እንደያዘ ቀረ።

ከብቱ በሰፊው የወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ወዲህ ነው። ከ1995 እና 1996 ዓ.ም. አንሥቶ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ልጆች ናቸው። ከ16ቱ ፓኬጅ ውስጥ የቤት አያያዝ አንዱ ነበር፤ ከብትን ከሰው ለዩ፣ ማድ ቤትን ከመኝታ ለዩ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ ይላል። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ባሉን አግባብተው፣ ሚስቲቱን አስተምረው ብዙ ቤት ለውጠዋል። ምስጋናቸው በበቂ አልተጻፈም። ስለ ምርጥ ምድጃም ያስተማሩ አሉ፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል።

እንግዲህ ወፍጮው ወጣ፣ እሳቱ ወጣ፣ ከብቱ ወጣ። የቤቱ ምድር ተለቀቀ። ቦታው ለማን ደረሰ?

ለሳሎኑ ነው የደረሰው። አንድ ባለአርባ ቆርቆሮ ቤት ብንገባ ከግማሽ በላዩ ሳሎን ነው፤ ሶፋው፣ ቡፌው፣ በዳንቴል የተሸፈነው ጠረጴዛ። ከጎኑ መኝታ፣ ከመኝታው ጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጓዳ አለ። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ የሚወስድ በርም የለውም። ሴቲቱ የጋገረችውን ይዛ ቤቱን ዞራ፣ በፊት በር ገብታ፣ ሳሎኑን አቋርጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። በሐምሌ ዝናብ ይህን የምታደርገው በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ያልቆጠረ ሰው ቤቱን አልሠራውም እንላለን፤ የሠራው ክዳኑን ነው።

ሳሎንን ግን በከንቱ ኩራት መክሰስ አንፈልግም። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ለቀስተኛ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካርና የማኅበር ተራ አለ። ሰፊ ቦታ የሌለው ቤት ጎረቤት ፊት ያፍራል፤ ይህም እውነተኛ ጉዳት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። ዛሬ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ የእድር ነው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተከለው ደጅ ላይ ነው። ሳሎኑ ለዓመት ጥቂት ቀን ተብሎ ይይዘው የነበረውን ሥራ እድሩ ወስዶለታል፤ ሳሎኑ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን ፍራንክፈርት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ሴት አርክቴክት በ1926 እ.ኤ.አ. ለሠራተኛ ቤተሰቦች ቤት ማድ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነበር። የሴትን እርምጃ ቆጥራ፣ እጅ የሚዘረጋበትን ለክታ ነው የሠራችው፤ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ገባ። ኋላ ሴቲቱን ብቻዋን ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጋባት ብለው የነቀፉትም አሉ፤ ነቀፋው እውነት አለው። መለካቱን ግን እንውሰድላት። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የጋራ ቤት በግቢው ውስጥ ለብቻ ተሠርቶላቸዋል። የእንጀራ ምጣድና ጭሱ ቦታቸውን ይጠይቃሉ፤ ቤቱ ፎቅም ሆነ ጎጆ።

ለመናገር መብቱ አለን ወይ? በ1990ዎቹ በክልላችን የተሰጠው የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ የያዘ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ ክልሉም ብዙ ሳይቆይ የራሱን አወጣ። ቤቱ የሁለታችን ከሆነ አከፋፈሉም የሁለታችን ምክር ነው። በተግባር ግን ከአናጢው ጋር ቆሞ የሚነጋገረው አባወራው ነው፤ ሴቲቱ በዚያ ሰዓት ለሠራተኞቹ ምሳ እያቀረበች ነው።

ከአባሎቻችን ቤት ካየነው በመነሣት የምንመክረው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያ ከጓዳው ወደ ማድ ቤቱ በር ይከፈት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ደጅ በሁለት ወይም በሦስት ቆርቆሮ ይሸፈን። ከሳሎኑ አንድ ሜትር ወደ ጓዳው ይግባ። መለያው የጭቃ ግድግዳ መሆን የለበትም፤ እንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጡት የቀርከሃ ሠሪዎች የሚያበጁት ግርዶሽ ይበቃል። ድግስ ሲመጣ በገመድ የታሰረው ተፈትቶ ይነሣል፤ የዓመቱ እንግዳም ቦታው ይመለስለታል። ጓዳው ውስጥ ከወገብ ትይዩ የጭቃ መደብ ይሠራ፤ መክተፍና ማቡካት ቆሞ እንዲሆን። ከክዳኑ አንዱ ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ክዳን ይተካ። ከሁሉ በፊት ግን በሩ ይከፈት፤ ሌላው ይደርሳል።

ቆርቆሮ ለሚለግሱን ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለን። ስጦታችሁ ሲቆጠር የዋናው ቤት ክዳን ብቻ ይቆጠራል፤ ለመተላለፊያው የሚሆነው ሦስት ቆርቆሮ የሚረሳው ከዝርዝሩ ውጭ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ለቤት ማደሻ ለመጪው ዙር ብድር የምትመዘገቡ እህቶች፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ሆናችሁ የቤቱን ወለል በደጃችሁ በአመድ አስምሩና ጠብቁን፤ በሩ የት፣ ጓዳው የት፣ ምድጃው የት እንደሆነ። የብድር ኮሚቴው ሲመጣ ሌማቱን ተሸክማችሁ ከምድጃው እስከ ጓዳው ትሄዱበታላችሁ። በቀጣዩ ዙር ደግሞ አባወራው እንዲሸከም እንጠይቃለን።