ያለ ፋይል «አልተገኘም» ሲባል፦ የድረ ገጽ ሰርቨር በዊንዶውስ ላይ

የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ማለትም ከአሳሽ የሚላክለትን ጥያቄ ተቀብሎ ተፈላጊውን ፋይል ከዲስክ አንሥቶ የሚያደርስ ፕሮግራም፣ የተወለደው ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ቤት ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ሰርቨር ያቆሙበት ኔክስት የተሰኘ ኮምፒውተር የዩኒክስ ዝርያ በሆነ ሥርዓት የሚሠራ ነበር፤ በ1993 ሮብ ማኩል በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጻፉት ሰርቨርም ሆነ ከእርሱ በ1995 የበቀለው አፓቼ ይህንኑ ወግ ይዘው ቀጥለዋል። ስለዚህ የድረ ገጽ አድራሻ ሲነደፍ የዩኒክስን የፋይል አሰያየም መልክ ያዘ፤ ማህደርን ከማህደር በእዝባር (/) ለየ፤ ሰርቨሮቹም በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን እንደ ሁለት ምልክት ቆጠሩ። ዊንዶውስ ግን በሁለቱም ነጥቦች ሌላ ውርስ ነበረው። በዊንዶውስ ላይ ሰርቨር የሚያቆሙ ባለሙያዎችን ለዓመታት ያደከመው «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት በብዙ አጋጣሚ ፋይል ከመጥፋቱ ሳይሆን ከሁለቱ ውርሶች አለመጣጣም የሚመነጭ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው የዚህን ሙያ ታሪክ ሊረዳው አይችልም።

መልእክቱ በአሳሽ ላይ የሚታወቀው 404 በሚል ቁጥር ነው። ሰርቨር የሚመልሳቸው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮች ከድረ ገጽ ቀድሞ ለፋይል ማስተላለፊያ ከወጣው ደንብ የተወረሱ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ያለው 4 ጥፋቱ ከጠያቂው ወገን መሆኑን ያመለክታል። በግንቦት 1996 የታተመው፣ ኤችቲቲፒ የተባለው የአሳሽና የሰርቨር መነጋገሪያ ደንብ የ1.0 እትም ሰነድ 404ን የፈታው በጥንቃቄ ነው፤ ሰርቨሩ ከተጠየቀው አድራሻ ጋር የሚዛመድ ነገር አላገኘም ይላል እንጂ ፋይሉ በዲስኩ ላይ የለም አይልም። በአድራሻውና በዲስኩ መካከል የማዋቀሪያ ፋይል አለ፤ እርሱም የትኛው አድራሻ በየትኛው ማህደር እንደሚፈታ የሚደነግግ ጽሑፍ ነው። ድንጋጌው በአንድ ምልክት ቢዛነፍ ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ ሳለ ሰርቨሩ በሌላ ቦታ ይፈልገዋል።

የዊንዶውስ ውርስ ከቀዳሚው ሥርዓት ከዶስ የመጣ ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ዶስ በማህደር ውስጥ ማህደር አያውቅም ነበር፤ እዝባርንም ለትእዛዝ አማራጮች መለያ አውሎት ነበር። በመጋቢት 1983 ዶስ 2.0 ማህደሮችን ሲያስተዋውቅ ምልክቱ አስቀድሞ ተይዞ ስለ ነበር ወደ ኋላ የዘመመው እዝባር (\) ተመረጠ። በዚያው እትም የስህተት ቁጥር 2 «ፋይል አልተገኘም»፣ ቁጥር 3 ደግሞ «መንገዱ አልተገኘም» እንዲሉ ተደረገ፤ ሁለቱም ዛሬም በዊንዶውስ ውስጥ በዚያው ትርጉም ይሠራሉ። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም፤ 2 ማህደሩ ተገኝቶ በውስጡ ስሙ ሲታጣ፣ 3 ግን ወደ ማህደሩ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ ሲቋረጥ የሚሰጥ ነውና፣ ቁጥሩን ያነበበ ባለሙያ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ያውቃል።

ሁለቱ ወጎች ፊት ለፊት የተገናኙት በሰኔ 1998 አፓቼ 1.3 ለዊንዶውስ ጭምር በወጣ ጊዜ ነው። የጊዜው መመሪያ ፕሮግራሙ በዩኒክስ ላይ ይበልጥ አስተማማኝ መሆኑን በግልጽ ያስጠነቅቅ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ገና ከመጫኛው ነው፤ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያኖርበት «ፕሮግራም ፋይልስ» የተባለው ማህደር በስሙ መካከል ክፍት ቦታ አለው፣ የአፓቼ የማዋቀሪያ ፋይል ደግሞ ክፍት ቦታን የቃል ማብቂያ አድርጎ ስለሚያነብ፣ መንገዱ በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ከግማሹ ይቆረጣል። ወደ ኋላ የዘመመው እዝባር በበኩሉ በመስመር መጨረሻ ላይ ከተገኘ ቀጣዩን መስመር ከፊተኛው ጋር ያጣብቃል፤ ስለዚህ የአፓቼ ሰነዶች በዊንዶውስ ላይም ቢሆን ሁልጊዜ በቀናው እዝባር መጻፍን አዘዙ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን ከዓይን የመሰወር ልማድ ነው። ቅጥያ ማለት ከስሙ ነጥብ ቀጥሎ የሚመጣው የዓይነት ምልክት ሲሆን፣ በኖትፓድ የተጻፈ ገጽ ሳይታወቅ «ዶት ቲኤክስቲ» ተቀጥሎበት ይቀመጣል፤ በመስኮቱ ላይ ስሙ ልክ ሆኖ ይታያል፣ ሰርቨሩ ግን ሙሉውን ስም ስለሚያነብ በእውነት የለም ይላል። ተጠቃሚን ለማቅለል ተብሎ የተደረገ ነገር ለሰርቨር ባለሙያ ይህን ያህል ሥራ የጨመረበት ሌላ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከአፓቼ ጋር መሥራት ሲጀምር ሌላ ዓይነት መሰወር ተጨመረ። አፓቼ ቋንቋውን የሚያገኘው በሞጁል፣ ማለትም ሰርቨሩ ሲነሣ በሚጭነው ተጨማሪ የፕሮግራም ክፍል አማካኝነት ነው። ሞጁሉ ሳይጫን ሲቀር ዊንዶውስ 126 ቁጥር ስህተት ሰጥቶ የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም ይላል፣ አፓቼም የሞጁሉን ስም ሙሉ መንገዱን ጨምሮ ያትማል፤ ባለሙያው ማህደሩን ሲከፍት ግን ፋይሉ እዚያው አለ። በብዙው አጋጣሚ የጠፋው ሞጁሉ ራሱ የሚደገፍበት ሌላ ፋይል ነው፤ መልእክቱ የተፈለገውን እንጂ የጎደለውን አይጠራም። የተለመደው መፍትሔ ደጋፊ ፋይሎችን «ሲስተም 32» ወደተባለው የዊንዶውስ ማህደር መገልበጥ ነበር፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲመጣ ግን ሥርዓቱ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ከዚያ ማህደር ወደ ሌላ ማህደር በስውር መምራት ስለጀመረ፣ ባለሙያው በዓይኑ እያየው የገለበጠውን ፋይል ባለ 32 ቢቱ አፓቼ ሊያየው አልቻለም።

የማይክሮሶፍት የራሱ ሰርቨር፣ አይአይኤስ፣ በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር ሲሰራጭ ማዋቀሩን በመስኮትና በአዝራር አቀለለው። በሐምሌ 2001 ኮድ ሬድ፣ በመስከረም ደግሞ ኒምዳ የተባሉት ተዛማች ፕሮግራሞች ሰርቨሩን ካጠቁት በኋላ ግን፣ በ2003 የወጣው አይአይኤስ 6 ያልተፈቀደለትን ሁሉ የሚከለክል ሆኖ ተሠራ። ዓይነቱ ያልተመዘገበ ፋይል በዲስኩ ላይ ቢኖርም ለጠያቂው 404 ይመለሳል፤ በሰርቨሩ መዝገብ ግን 404.3 ተብሎ ይጻፋል። በሰርቨሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ላይ ለተጣለ ክልከላ ደግሞ 404.2 ይሰጣል። ለአጥቂ ፍንጭ እንዳይሆን ዝርዝሩ ከጠያቂው ተሰወረ፤ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፣ ነገር ግን መዝገብ ማንበብን ከአማራጭነት ወደ ግዴታ አሸጋገረው። ዓይነቱ ያልተመዘገበ የቪዲዮ ፋይል ደጋግሞ የጫነ፣ ስሙን የቀየረ፣ ፈቃዱን ያላላ ሰው ከነጥቧ ቀጥላ የተጻፈችውን 3 ሳያይ የሠራው ሁሉ ከንቱ ነበር።

ፍለጋውን ከግምት ያወጣው መሣሪያ የመጣው ከሲስኢንተርናልስ፣ ማለትም ከማርክ ረሲኖቪችና ከብራይስ ኮግስዌል ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት ድርጅታቸውን በገዛበት በ2006 የወጣው ፕሮሰስ ሞኒተር አንድ ፕሮግራም የሚከፍተውን እያንዳንዱን ፋይል በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ስሙ ታጥቶ ይሁን፣ መንገዱ ተቋርጦ ወይም ፈቃድ ተከልክሎ በየመስመሩ ይለያል። ሰርቨሩ እንደ ዊንዶውስ አገልግሎት በራሱ የተጠቃሚ መለያ ስለሚሠራ፣ ባለሙያው በራሱ መለያ ገብቶ «ዜድ» በሚል ፊደል ያገናኘውን የመረብ ዲስክ አገልግሎቱ ጨርሶ እንደማያውቀው በማያሻማ ሁኔታ ከሚታይባቸው መንገዶች አንዱ ይህ መሣሪያ ነው።

የትልቅና የትንሽ ፊደል ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከዊንዶውስ በመውጣት ላይ ነው። ዊንዶውስ ስሙን እንደተጻፈ ያስቀምጣል እንጂ ሲፈልግ በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፤ በእርሱ ላይ ተሠርቶ ያለ እንከን የሚታይ ድረ ገጽ እንደ ዩኒክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ወደሚለየው ሊኑክስ ሲዛወር ምስሎቹ በ404 የሚጠፉት ለዚህ ነው። ከ2018 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይህን ልዩነት ለአንድ ማህደር ብቻ እንዲበራ ስለፈቀደ በአንድ ዲስክ ውስጥ ሁለት ደንብ ሊኖር ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ፣ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ቅርጸ ፊደል ይዞ ከመጣ ወዲህ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችም ለዚሁ ፈተና ተጋልጠዋል። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሆኖም በ«ሰ» የተጻፈ «ሰላም» እና በ«ሠ» የተጻፈ «ሠላም» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ሁለት ፋይሎች ናቸው። በአድራሻ ውስጥም እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ስለሚዘረዘር ባለ ሦስት ፊደሉ «ሰላም» በ27 ምልክት ይጻፋል፤ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ይኸው ዝርዝር ስለሆነ፣ ባለሙያው መዝገቡን በማህደሩ ውስጥ ካለው ስም ጋር ከማስተያየቱ በፊት መልሶ ወደ ፊደል መፍታት ይኖርበታል።