ሶስና ጌታቸው ወይስ ሶስና ኃይሌ?

ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በእኛ በልደታ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። ከሥሩ «ፊውል ሴልን የፈለሰፈችው ትውልደ ኢትዮጵያዊት አሜሪካዊት ሳይንቲስት» ይላል፤ ሦስት ባንዲራም ተደርድሮበታል። ወዲያው የልብ ምልክት ዘነበ። አንዱ ጎረቤቴ «ታዲያ ለኛ ብሎክ አንድ ብትልክልን ምን አለበት!» ብሎ ጻፈ፤ በጨለማው ሳቅን።

ፎቶው የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ነው። በየጊዜው እየተመላለሰ ስለሚመጣ እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ ጎዶሎ ነው።

ከስሕተቱ ልጀምር። ፊውል ሴልን ሶስና አልፈለሰፉም። ዊሊያም ግሮቭ የተባለ የዌልስ ሰው በ1830ዎቹ መጨረሻ ሠርቶ ያሳየው ነገር ነው። (የውጭውን በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ወገን ሃይድሮጂን፣ በሌላው ወገን ኦክሲጅን ይገባል። መሐል ላይ ፕሮቶን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሮን ግን የማያሳልፍ ግድግዳ አለ። ኤሌክትሮኑ መሐል ለመሐል ማለፍ ሲያቅተው በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። ያ ዙረት ነው ኤሌክትሪኩ። በመጨረሻ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ጭስ የለውም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ከፕላስቲክ ዘር የሆነው ግድግዳ እርጥበት ካላገኘ አይሠራም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት እንዳያልፍ ይጠበቃል። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ውድ የሆነው ፕላቲነም የግድ ይሆናል፣ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከገባም ይመረዛል። የሴራሚኩ ግድግዳ ይህ ችግር የለበትም፤ ግን በተለምዶ ከ800 ዲግሪ በላይ ካልጋለ አይነቃም። ያን ሙቀት የሚችል ዕቃ ደግሞ በርካሽ አይገኝም።

ሶስና የገቡት በዚህ መሐል ነው። ጠጣር አሲድ የሚባሉ፣ ከጨውም ከአሲድም የሆኑ ቁሶች ሲሞቁ ፕሮቶን በደንብ እንደሚያሳልፉ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ዳሩ ግን ውሃ ያሟሟቸዋል። ውሃ የሚያመነጭ መሣሪያ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ግድግዳ ማን ያስገባል? የሶስና መልስ ቀላል ነበር፤ ከ100 ዲግሪ በላይ አሠሩት፣ ያኔ የሚወጣው እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ ውሃ አይደለም። በ2001 ከካልቴክ ተማሪዎቻቸው ጋር ይህን በኔቸር መጽሔት አሳዩ። የመጀመሪያው ቁስ ድኝ ስለነበረበት ከሃይድሮጂን ጋር እየተዋሐደ ይበላሽ ነበር። በ2004 ድኙን በፎስፌት ተክተው፣ 250 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ሌላ አወጡ። ዕቃው ከላቦራቶሪ እስከ ልደታ ብሎክ ገና ረጅም መንገድ አለው። ሥራው ግን የሳቸው ነው፤ «ፊውል ሴልን ፈለሰፈች» ከሚለው የበለጠ የሚያኮራውም ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጎዶሎው። «ኃይሌ» አባታቸው አይደሉም፤ አያታቸው ናቸው። አሜሪካ የአያትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሚያደርግ ነው እንጂ፣ በእኛ ደንብ ሶስና ጌታቸው ነበሩ። ጌታቸውም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የግእዙ ሊቅ። ፎቶውን ከሚያዞሩት ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ጌታቸው ከሸንኮራ ተነሥተው ካይሮና ጀርመን ተምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ደርግ ሲመጣ የመማክርት ጉባኤ አባል ሆኑ፤ ወታደሩን በግልጽ ተቹ። በ1968 ዓ.ም መግቢያ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጡ። ጥይቱ አከርካሪያቸውን መታቸው፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም። ሶስና በ1958 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወልደው ያኔ ገና 10 ዓመት አልሞላቸውም። ቤተሰቡ በመጨረሻ ያረፈው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ገጠር ነው። እዚያ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ በአድባራትና በገዳማት እየዞሩ በማይክሮፊልም የተነሡ ከ8 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍታችን ቅጂዎች ተከማችተዋል። አባት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እነሱን ሲዘረዝሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ በ2013 ዓ.ም በ90 ዓመታቸው እዚያው አሜሪካ አረፉ። ልጅ ከኤም አይ ቲ ወደ በርክሌይ፣ ተመልሰው ለዶክትሬት ኤም አይ ቲ፣ ከዚያ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና በካልቴክ መምህርነት፣ ከ2015 ጀምሮ ኖርዝዌስተርን።

እንግዲህ ባንዲራውን ስንለጥፍ ምን እያልን ነው? ለትምህርት የላክናት አይደለችም። አባቷን ተኩሰን ያባረርናት ልጅ ናት። «እኛ» ስል ይከፋችሁ ይሆናል፤ «ደርግ እንጂ እኛ አይደለንም» የሚል ይኖራል። ይሁን። ክብሩን ስንወስድ «የኛ» ካልን ግን ጥይቱን የማንም ማድረግ አንችልም። በዚያ ላይ ሳይሄዱ የቀሩትን ፎቶ የሚያዞር የለም። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገራችንን መድኃኒትና መዓዛማ ዕፅዋት ኬሚስትሪ ሲመረምሩና ሲያስተምሩ ዘመናቸውን ሰጥተዋል፤ ግሩፓችን ላይ አንድ ቀን ስማቸው ሲነሣ አላየሁም። በ2015 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙም ባንዲራ የለጠፈላቸው አላየሁም።

ቤተሰቡ ግን ፊቱን አላዞረም። ሶስና የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ አባል ናቸው። እኅታቸው ርብቃ ኃይሌ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ደብረ ብርሃን ላይ ኃይሌ ማናስ አካዳሚ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። አባታቸው ከተወለዱባት ከሸዋ ምድር ማለት ነው።

ይህንኑ አሳጥሬ ግሩፑ ላይ ጻፍሁት። የልብ ምልክቱ እንደ ፎቶው አልዘነበም። ዘግየት ብለው አንዲት ከታችኛው ፎቅ ያሉ እናት ብቻ «የአባትየው አንዳፍታ ላውጋችሁ እኔ ዘንድ አለ፤ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ፣ ግን ይመልስ» አሉ።