የማዋስ መብትና ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ

የታተመ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ በቤተ መጻሕፍት የሚኖረው ዕድሜ በወረቀቱና በጥራዙ ጥንካሬ ይወሰናል። ባለንብረቱ ቤተ መጻሕፍቱ በመሆኑ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያውስ ሻጩ አይወስንለትም። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ይህ የቆየ ሥርዓት ተናጋ፤ ቤተ መጻሕፍት በገንዘቡ የሚያገኘው መጽሐፉን ሳይሆን የመጠቀሚያ ፈቃድ ሆነ።

የለውጡ ክብደት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ጎልቶ ታየ። ሃርፐር ኮሊንስ የተባለው አሳታሚ፣ አንድ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃና ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲገዛ ደነገገ። የአሳታሚዎች ሥጋት መሠረት የሌለው አልነበረም። የማያረጅ መጽሐፍ ቤት ድረስ በነፃ ከደረሰ ማን ይገዛል? ደራሲውስ በምን ይተዳደራል?

ጉዳዩ በሕግ የተፈተነው በኔዘርላንድስ ነው። ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ለመላው አገር የማዳረስ ኃላፊነት በዘ ሄግ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። ይሁን እንጂ የሕጉ መነሻ፣ ለታተመ መጽሐፍ የተደነገገው የማዋስ መብት ኤሌክትሮኒኩን አይመለከትም የሚል ነበር። በመሆኑም መጻሕፍቱ የሚገኙት ከባለመብቶች ጋር በሚደረግ ድርድር ብቻ ሆነ። የአገሪቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ይህን በመቃወም፣ የውሰት ክፍያ ለደራስያን የሚሰበስበውን ድርጅት ከሰሰ፤ ጉዳዩም ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተመራ።

ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 10 ቀን 2016 በሰጠው ውሳኔ፣ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እንደ ታተመው ሁሉ ሊዋስ እንደሚችል አረጋገጠ። ይኸውም አንዱን ቅጂ በአንድ ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ ሲወስደው፣ የውሰቱ ጊዜ ሲያበቃ በአንባቢው ዘንድ ያለው ቅጂ መሥራቱን ሲያቆም፣ ቅጂውም ከሕጋዊ ምንጭ የተገኘ ሲሆን ነው። ደራሲውም ተገቢውን ክፍያ ያገኛል።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ውሳኔው ማዋስን ፈቀደ እንጂ አሳታሚን ለቤተ መጻሕፍት እንዲሸጥ አላስገደደም። ሻጭ እምቢ ሲል የሚሆነው በ2019 በአሜሪካ ታይቷል። ማክሚላን የተባለው አሳታሚ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ከአንድ አዲስ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲያገኝ ወሰነ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ግዢ በማቆም ተቃወሙ፤ ገደቡም በማርች 2020 ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለብሔራዊ የውሰት አገልግሎት የቴክኒክ መሣሪያ ብቻ አይበቃም። አንባቢው የሚያነበውን፣ ደራሲው የድካሙን ዋጋ፣ ቤተ መጻሕፍትም በውል ጊዜ ማለቅ የማይባዶ መደርደሪያ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ ያስፈልገዋል።