ኩርትዝ አብዶ ነበር እንዴ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ታስታውሱ እንደሆነ አላውቅም። የጆሴፍ ኮንራድን «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» ስናነብ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይሄ ኩርትዝ የሚባለው ሰውዬ እብድ ነው አይደል?» አለችኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ስለነበር «አዎ፣ ጫካው አሳበደው» ብዬ አለፍኩ። ተሳስቼ ነበር፤ ዛሬ ላርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ ገዛ። አንድም ቀን አልረገጣትም። ለዓለም የተነገረው ግን «ሥልጣኔ እናስፋፋለን፣ የባሪያ ንግድን እናጠፋለን» የሚል ነበር። ኮንራድ በ1890 በዚያው ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ላይ ሠርቶ፣ ታሞ ተመለሰ። ድርሰቱ በ1899 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ።

ኩርትዝ የተማረ ሰው ነው። ይስላል፣ ሙዚቃ ያውቃል፣ አንደበቱ ይጣፍጣል። የአረመኔ ልማድ እንዲጠፋ ያማረ ሪፖርት ይጽፍና ግርጌው ላይ ሰዎቹን ራሳቸውን ማጥፋት ነው ይላል። ቤቱ ፊት ለፊት የሰው ጭንቅላት በእንጨት ላይ ሰክቷል።

ፈጠራ ብቻ ይመስላል። ግን ሊዮን ሮም የሚባል የቤልጂግ መኮንን በስታንሊ ፏፏቴ የአበባ መደቡን በ21 ጭንቅላት እንዳስጌጠ በዚያው ዘመን ተጽፏል። ይህም ሰው ሥዕል ይስል ነበር፤ ስለ ኮንጎ ሰዎችም መጽሐፍ ጽፏል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በድርሰቱ ውስጥ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ኩርትዝን የሚወቅሰው ሰው ስለገደለ አይደለም፤ አካሄዱ የአካባቢውን ንግድ አበላሸ ብሎ ነው። የዝሆን ጥርሱን ግን አንድም ሳያስቀር ጭኖ ይሄዳል! ኩርትዝን ያበላሸው ጫካው ሳይሆን፣ ጥርሱን እስከላከ ድረስ ጠያቂ አለመኖሩ ነው።

«ጫካው አሳበደው» ማለቴ ሌላም ጥፋት አለበት፤ የአውሮፓን ኃጢአት አፍሪካ ላይ ይለጥፋል። ቺኑዋ አቼቤ በ1975 ኮንራድን የወቀሰው ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው፤ አፍሪካ ለአንድ ነጭ መበላሸት መድረክ ብቻ ሆነች፣ ሰዎቿ ስም እንኳ አልተሰጣቸውም። እውነቱን ነው። ኮንራድ ዘራፊውን አጥርቶ አየ፤ የተዘረፈውን ግን ከሩቅ ነው ያየው።

ልጄ፣ ይሄን ካነበብሽ፦ አላበደም። ሒሳቡን ያውቅ ነበር፤ ላኪዎቹም እንደዚያው። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ።