የብራ ልምምድ

አሜሪካኖች ስፕሪንግ ትሬይኒንግ የሚሉት ነገር አለ። የቤዝቦል ቡድኖች የውድድር ዓመታቸው ሊጀመር ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ብርዱን ሸሽተው ወደ ሞቃት አገር ይወርዳሉ፤ እዚያም ይለማመዳሉ፣ እርስ በርስም ነጥብ የማይያዝበት ጨዋታ ይጫወታሉ። ከሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች አሥራ አምስቱ ፍሎሪዳ፣ አሥራ አምስቱ ደግሞ አሪዞና ይሰፍራሉ። የካቲት እንደገባ ቀድመው የሚደርሱት ኳስ ወርዋሪዎችና ከመቺው ጀርባ ተቀምጠው ኳሷን የሚይዙት ናቸው፤ የወርዋሪ ክንድ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ካልጠነከረ ስለሚጎዳ ዝግጅቱ ከሌሎቹ ይረዝማል። ሌሎቹ ይከተላሉ፣ የወዳጅነት ጨዋታው ይቀጥላል፤ መጋቢት ከተጋመሰ በኋላም ሁሉም ወደየከተማው ተመልሶ ለእያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ያለውን ረጅሙን ዓመት ይጀምራል። ልማዱ ቆየት ያለ ነው፤ በ1886 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ቡድን አርካንሳስ ውስጥ ወዳለችው የፍል ውሃ ከተማ ወደ ሆት ስፕሪንግስ ወርዶ መለማመዱ ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። ይህን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? ጥያቄው ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በወለጋ ላለው ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለኑኑ ቁምባ የእግር ኳስ ደጋፊም ይነሣል። ‹‹የብራ ልምምድ›› እንበለው የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

ቀድሞ የሚመጣው ትርጉም ‹‹የፀደይ ልምምድ›› ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ስፕሪንግ ለሚለው ፀደይን የሚያስቀምጥ ተርጓሚ አልተሳሳተም፤ ግን ፀደይ መቼ እንደሆነ አንባቢውን ቢጠይቅ ሁለት መልስ ያገኛል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ቀጥሎ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ ከዚያ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያም ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። ብዙው ሰው ግን ፀደይ ሲባል የሚታየው መስከረምና ጥቅምት፣ አደይ አበባና የጠራ ሰማይ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያን በልግ ብሎ ይጠራቸዋል። የአሜሪካኖቹ ልምምድ የካቲትና መጋቢት ላይ ስለሚውል በመጀመሪያው ቆጠራ ከነሙሉ ዕድሜው በጋ ውስጥ ያልቃል፤ በሁለተኛው ደግሞ በበጋና በበልግ መካከል ይወድቃል። በየትኛውም ብንሄድ ፀደይ አይነካውም። እንዲያውም በእነርሱም ዘንድ የወቅቱ ስም ከቀኑ ጋር አይገጥምም፤ ወርዋሪዎቹ ፍሎሪዳ ሲደርሱ የሰሜኑ ከተሞቻቸው ገና በበረዶ ሥር ናቸው። ስፕሪንግ ሲሉ የክረምቱን ማብቃት፣ የሰማዩን መከፈትና ኳስ ተመልሶ መምጣቱን ማለታቸው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሊያሻግረው የሚገባው ይህን ስሜት ነው፤ የወር ስሙን ቢተወው ምንም አይጎድልም።

ይህ ስሜት በአማርኛ ስም አለው፤ ብራ እንለዋለን። ሰማዩ ሲጠራ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይ ደመናውን ገፍታ ስትወጣ ቀኑ ብራ ሆነ ይባላል። ብራ የአየር ጠባይ ስም በመሆኑ በየትኛውም ወር ሊውል ይችላል፤ ክረምት ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜም በዚሁ ቃል ይጠራል። በወለጋ ደግሞ ቃሉ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። በኦሮምኛም ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት ‹‹ር››ን ጠበቅ አድርጎ በዚሁ ስም ይጠራል፤ በመስከረም መጨረሻ የሚከበረው ኢሬቻም የብራ ኢሬቻ ነው። የነቀምቴ ሰው በሁለቱም ቋንቋ እየኖረ በሁለቱም የሚያውቀውን ቃል ለኳሱ ቢሰጠው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ፀደይ ግን ከግእዝ የመጣና ከመጽሐፍ ብዙም ያልወጣ ቃል ነው፤ ሜዳ ዳር ቆሞ ‹‹ፀደይ ገባ›› የሚል ሰው አይገኝም። ‹‹ብራ ሆኗል፣ ልምምድ ይኖራል›› የሚል ግን በየቀኑ አለ።

እዚህ ላይ በስፖርት ጋዜጠኝነት የቆየ ሰው ተገቢ ጥያቄ ያነሣል፦ ‹‹የቅድመ ውድድር ዝግጅት›› የሚል የተለመደ ቃል እያለን ሌላ ለምን ፈለግን? ክለቦቻችን ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ሲሰፍሩ ዜናው ይህንኑ ቃል ይዞ ይወጣል፤ ግጥሚያዎቹንም ‹‹የአቋም መፈተሻ ጨዋታ›› ይላቸዋል። ሁለቱም ጥሩ ቃላት ናቸው፣ መቅረትም የለባቸውም። ልብ እንበል ግን፤ ሁለቱም የተነገሩት ከክለቡ በኩል ነው። የሚዘጋጀው ቡድኑ ነው፣ የሚፈተሸውም የተጫዋቹ አቋም ነው። ደጋፊው በቃላቱ ውስጥ የለም። አሜሪካኖቹ ስፕሪንግ ትሬይኒንግ ሲሉ ግን የተመልካቹንም ጊዜ መጥራታቸው ነው። ሰው ፈቃድ ወስዶ፣ ቤተሰቡን ይዞ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ልምምድ ሊያይ ይሄዳል። የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ቡድኑ ወደሚሰፍርበት ወደ ፍሎሪዳዋ ዌስት ፓልም ቢች ይወርዳል፤ ትንሽ ስታዲየም ውስጥ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ በትልቁ ስታዲየም ከሩቅ የሚያያቸውን ሰዎች ሲተነፍሱ ይሰማቸዋል። ከሩቅ ብቻ የሚያውቃቸው ተጫዋቾች በእጁ ርቀት ላይ ናቸው። ይህ የደጋፊው ወቅት ነው፤ ‹‹ዝግጅት›› የሚለው ቃል ግን አይሸከመውም።

በዚህ ወቅት ደጋፊው የሚያየውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ከሰባ በላይ ቁጥር የለበሰ ወጣት በጨዋታው መጨረሻ ላይ ተቀይሮ ይገባል። ስሙ ገና በቋሚው ስም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በውድድር ዓመቱ ቡድኑ የሚይዘው 26 ተጫዋች ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች ወደ ታችኛው ሊግ ይመለሳሉ። ታዋቂዎቹ ተጫዋቾች በዚያ ሰዓት ሥራቸውን ጨርሰው ወጥተዋል፣ ከተመልካቹም ግማሹ ወደ መኪናው ሄዷል። የቀረው ደጋፊ ግን ያን ልጅ ያየዋል፦ ዱላውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከሳተ በኋላ ወደ አሠልጣኙ ይመለከት እንደሆነ፣ ኳሷን ካገኛት እንዴት እንደሚሮጥ። ውጤቱ በውድድር ዓመቱ መዝገብ አይገባለትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ ስመ ጥር ቢሆን፣ ያ ደጋፊ ባዶ ወንበሮች መካከል ሆኖ ካዩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። የዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋች የጃኪ ሮቢንሰን ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍም የተከፈተው በእንዲህ ያለ፣ ነጥብ በማይያዝበት ጨዋታ ነው፤ በመጋቢት 1946 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ላይ ለሞንትሪያል ሮያልስ ሲሰለፍ። በሜጀር ሊግ ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው በዓመቱ ነው።

ወደ ወለጋ እንመለስ። በከፍተኛ ሊግ ሲወዳደር የምናውቀው ነቀምቴ ከተማ የሚዘጋጀው ክለቦቻችን ሁሉ በሚዘጋጁበት በነሐሴና በመስከረም ነው። ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ በእነዚህ ወራት ሜዳው ጭቃ ያቁራል፣ በኖራ የተሰመረው መስመር በአንድ ዶፍ ይታጠባል። ተጫዋቾቹ በኮኖች መካከል እየተሽሎከለኩ ሲሮጡ ጭቃው ከጫማቸው ሥር እየተፈናጠረ ካልሲያቸው ላይ ይለጠፋል፤ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ዳር ላይ ጃንጥላ የያዙ ደጋፊዎች ‹‹ያ አዲሱ ግራ እግረኛ ማነው?›› እየተባባሉ አዳዲሶቹን ተጫዋቾች ይቆጥራሉ። ይህን ማየት ለወለጋ ደጋፊ ከአሜሪካኑ ይልቅ ይጠቅመዋል የምልበት ምክንያት አለኝ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሁሉም ቡድኖች በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ሥርዓት ይዞ ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተቀባበሉት። ከፍተኛ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ተጫውቷል። ሥርዓቱ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጣ፣ ለወጪም ለጸጥታም ቀለለ፤ የክለቡን ከተማ ሰው ግን ከቡድኑ ለየው። ቡድኑ ርቆ ሲጫወት ደጋፊው በሬዲዮና በስልክ ውጤት ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ዓመት ከኑኑ ቁምባ ተነሥቶ ነቀምቴ የሚገባ ደጋፊ ቡድኑን በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ ቢኖር ይህ የልምምድ ጊዜ ነው። ቡድኑ በከተማው ያለበት ወቅት እርሱ ሆኗል፤ ስም ሊነፈገው አይገባም።

በዚያው ሜዳ ላይ ‹‹ለሙከራ የመጣ›› የሚባል ልጅም አለ። ከየወረዳው፣ ከየትምህርት ቤቱ ቡድን መጥቶ የራሱን ጫማ ይዞ የሚሰለፍ፣ ካልተሳካለት በሳምንቱ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። አሜሪካኖቹ ከስም ዝርዝር ውጪ የተጋበዘ የሚሉት ሰው አቻ ነው፤ ልዩነቱ አሜሪካዊው ማደሪያና ቀለብ ተዘጋጅቶለት መምጣቱ፣ የእኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ቤት ማደሩ ነው። ቅድመ ውድድር ስንል ስለ እርሱ ምንም አልተናገርንም፤ ለእርሱ ውድድሩ ይኸው ነውና ከፊቱ ሌላ የለም። ብራ ስንል ግን ያለበትን ሁኔታ በትክክል ጠራነው፦ ደመናው ሊገፈፍለትም ሊከብድበትም የሚችል ሰማይ ሥር ነው ያለው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው የወለጋን ሰማይ ከሚያውቅ ሰው የሚመጣ ነው፦ በነሐሴ ምን ብራ አለ? ዝናቡስ ጥቅምት ድረስ ይዘልቅ የለም ወይ? እውነት ነው፤ ልምምዱ የሚጀመረው በክረምት ነው፣ እኔም ጭቃውን አልደበቅሁም። ነገር ግን ቡድኑ እየተለማመደ ያለው ሊጉ ወደሚከፈትበት ወደ ብራው ወራት እየሄደ ነው፤ በክረምት የተዘራውን ሰብል የመኸር ሰብል የምንለውም በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ለፍሎሪዳውና ለአሪዞናው ደግሞ ቃሉ ያለ አንዳች ማስተባበያ ይገጥማል፤ አብዛኞቹ ቡድኖች ረጅም መንገድ አቋርጠው የሚወርዱት የጠራ ሰማይ ፍለጋ ነውና፣ በየካቲት ቢሆንም ያሉት ብራ ላይ ነው።

ሁለተኛው ብራና ቢራ ይምታታሉ የሚል ነው፤ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፣ ምክንያቱም በእኛ እግር ኳስ ቢራ የክለብ ስም ሆኖ ያውቃል። ሐረር ቢራና ዳሽን ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውተዋል። ነገር ግን ፊደሉ ይለያቸዋል፣ አማርኛ ተናጋሪም ‹‹ቀኑ ብራ ነው›› ሲባል ተሳስቶ አያውቅም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሬዲዮ ነው፤ አስተያየት ሰጪው ‹‹የብራ ወቅት ልምምድ›› ብሎ አንዴ ቢያስረዝመው ይበቃል። በጽሑፍ ግን ማስረዘሙ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ነጥብ የማይያዝበትን ጨዋታ ስም አውጥቶ ማድመቅ ደጋፊውን ያታልላል፣ በመስከረም አራት ለባዶ ያሸነፈ ቡድን በጥር ወደ ሰንጠረዡ ግርጌ ሊወርድ ይችላል ይላል። ተቃዋሚው ስለ ውጤቱ ያለው ትክክል ነው፤ ከሊጉ በፊት ሲካሄድ የቆየውን የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ የወሰደ ሁሉ የሊጉ ሻምፒዮን አልሆነም። እኔ የምለው ግን ደጋፊው የሚከተለው ውጤቱን ብቻ ከሆነ በውድድሩ ዓመትም ቡድኑን አያውቀውም ነው። አሠልጣኙ አጥቂውን ወደ መሐል ለምን እንዳወረደው፣ ግብ ጠባቂው በእግሩ መጀመር መቼ እንደተማረ፣ ተከላካዩ ከጉዳት ሲመለስ እግሩን ምን ያህል እንደሚያምነው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በኅዳር አንድ ጨዋታ ሲሸነፍ አሠልጣኙ ይባረር ብሎ ከሚጮኸው ይልቅ፣ ‹‹ይህ አሰላለፍ ገና አልበሰለም፣ በብራው ልምምድ አይተነዋል›› የሚለው ደጋፊ ለክለቡ ይሻላል። ትዕግሥቱ ካየው ነገር የመጣ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር። ቃሉ ለቤዝቦል ሲሆን ብቻውን ይቆማል፦ ‹‹ናሽናልስ ለብራ ልምምድ ዌስት ፓልም ቢች ገቡ።›› ለእኛ እግር ኳስ ሲሆን ከነባሩ ቃል ጋር ተከባብሮ ይኖራል፤ ክለቡ የሚሠራውን ‹‹የቅድመ ውድድር ዝግጅት››፣ ደጋፊው የሚከታተለውን ወቅት ‹‹የብራ ልምምድ›› እንበል፣ ‹‹የአቋም መፈተሻ ጨዋታ››ም የብራው ልምምድ አንድ ክፍል ይሁን። ዜናው ሲጻፍም ከውጤቱ ቀጥሎ አንድ መስመር ለሙከራ ለመጡት ይሰጥ፦ ስንት እንደ መጡ፣ ከየት ወረዳ እንደ ተነሡ፣ ስንቱ እንደ ፈረሙ። ያንን መስመር ኑኑ ቁምባ ላይ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ።