ጫጩቱ ተለቀቀ፣ ውሃውስ?

ከቢዮ አዋሌ ሆኖ ስለ ዓሣ መጻፍ ሳያስቅ አይቀርም። የድሬዳዋ ገጠር ወንዝ፣ ከክረምቱ ጎርፍ ውጪ፣ አሸዋ ነው። በሶማልኛ «ቢዮ» ማለት ውሃ ነው፤ ብርቅ የሆነ ነገር በስም ይታወሳል። የዓሣው ታሪክ ግን ዞሮ ዞሮ የውሃ ታሪክ ስለሆነ እኛንም ይመለከተናል።

በየጊዜው በቴሌቪዥን የምናየው ምስል አለ። አንድ ባለሥልጣን ግድብ ዳር ጎንበስ ብሎ ከባልዲ የዓሣ ጫጩት ይለቅቃል፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሳል። ይህ ነገር እኛ ዘንድ አልተጀመረም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1872 ካሊፎርኒያ ውስጥ በማክላውድ ወንዝ የሳልሞን ጫጩት ማስፈልፈያ አቋቋሙ። በ1875 የዓሣ ኮሚሽናቸው ኃላፊ ስፔንሰር ቤርድ ለኦሪገን ሰዎች የሰጠው ምክር፣ አሥጋሪውን በሕግ ከመከልከል ጫጩት በብዛት ማስፈልፈል ይሻላል የሚል ነበር። ማንንም የማያስቀይም ምክር! ፖለቲከኛ የሚወደው ዓይነት።

ከዚያ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ግራንድ ኩሊ ግድብ ያለ ዓሣ መሻገሪያ ተሠራ። ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ሳልሞን ያጠምዱበት የነበረው ኬትል ፎልስ ፏፏቴ ሊዋጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ተሰብስበው እያለቀሱ ተሰናበቱት። ማካካሻ ተብለው የተሠሩት ማስፈልፈያዎች ከግድቡ በታች ነበሩ። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ጫጩቱ በሚሊዮን ሲቆጠር፣ ከግድቡ በላይ ላሉት ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሳልሞን አልደረሳቸውም። ዓሣው «ተተካ»፤ አሥጋሪው ግን ባዶ እጁን ቀረ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ሳልሞን የለንም። ዘመዱ ትራውት ግን በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቅቋል። እሱ ይበልጡን መንጠቆ ይዘው ለሚዝናኑ እንግዶች ነበር። ለሕዝቡ እንጀራ የሆነው ቆሮሶ ነው።

ደቡብ ወሎን እንይ። የእስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ሐይቅ ቆሮሶ የተለቀቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ተራባ፤ ብዙ ወጣት መረብ ይዞ ቤተሰብ አስተዳደረበት። ይህን የሚያናንቅ ሰው የዓሣ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። ቀድሞ ወደ ታች ብዙ ሜትር ያሳይ የነበረው ውሃ ደፈረሰ። ተመራማሪዎች ይህን ከቆሮሶው ጋር ያያይዙታል፦ አልጌ የሚበሉትን ደቃቅ ነፍሳት ዓሣው ሲበላቸው፣ አልጌው ከልካይ አጥቶ ውሃውን አረንጓዴ አደረገው። አንድ ዝርያ መጨመር ሐይቁን በሙሉ መለወጥ ነው።

ያም ሆኖ ሐይቅ ውሃ አለው። የእኛዋ ሐረማያስ?

ከድሬዳዋ በደንገጎ ሽቅብ ወጥቶ ያለፈ የቀድሞ መንገደኛ ያስታውሳታል። ቆሮሶ ይወጣባት ነበር። ሐረርና አወዳይ ይጠጧት ነበር። ዙሪያዋን ያለው ጫትና አትክልትም በፓምፕ ይጠጣት ነበር። ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው አፈር ደግሞ ከሥር ይሞላታል። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የግብርና ኮሌጅ አጠገቧ ነበር፤ መጉደሏም በጥናት ተመዝግቧል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት ተሰማራበት። የጫጩት እጥረት አልነበረባትም። ገበሬው ለጫቱ፣ ከተማው ለቧንቧው ሌላ ምንጭ ፈለገ፤ ሌላ ሐይቅ ያልነበረው አሥጋሪው ብቻ ነው። ስለ እሱ ካሳ ሲወራ የሰማ አለ?

ሒሳቡ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ እኛው ጋ ደረሰ። ሐረር ዛሬ የምትጠጣው በአብዛኛው ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከአሰሊሶ ጉድጓዶች፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ እየተገፋ የሚሄድ ውሃ ነው። ሐረር አትጠጣ የሚል የለም፤ ወንድም ሕዝብ ነው። ነገር ግን ደጋው ላይ የጠፋውን ሐይቅ ቆላው በከርሰ ምድሩ እየከፈለለት መሆኑ ይታወቅ።

በቅርብ ዓመታት ሐረማያ ውሃዋ ተመልሷል፤ እሰየው። ጫጩት መልቀቅንም አልቃወምም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ቆይቷል፤ ግን የዓሣ አዋጅ መረብን እንጂ የጫት ማሳ ፓምፕን አይቆጣጠርም። ስለዚህ ቀጣዩ ባልዲ ዳርቻዋ ላይ ሲዘነበል፣ ጋዜጠኞቻችን ስንት ሺህ ጫጩት ተለቀቀ ብለው ብቻ አይመለሱ። ስንት ፓምፕ ከሐይቋ እንደሚስብና ማን እንደሚቆጥረው ጠይቀው ይምጡ።